ሳልጠይቅ ያልኩት አፉ

እህቴ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወንድምም ከሆንክ አብረህ ስማ። ሴት ደጅሽ መጥታ «አፉ በይኝ»፣ ይቅር በይኝ፣ ስትልሽ ምን ትያለሽ? እንደኔ ከሆንሽ «አፉ ብያለሁ፣ አንቺም አፉ በይኝ» ብለሽ ትስሚያታለሽ። ለምን ብለሽ አትጠይቂም። ከሚሴ ውስጥ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም፣ ነውር ነው። ሐጅ የሚሄድ ሰው ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረ አፉ ያስብላል። የተሰደበውም፣ የታማውም፣ ማሳውን ከብት የበላበትም «አፉ፣ አፉ» ይላል፣ «ዱዓ አድርግልን» ብሎ ይሸኘዋል። ያማረ ልማድ ነው፣ አልጠላውም። እኔን ያቃጠለኝ ግን እሱ ነው።

ዘሊካ ጎረቤቴ ናት። አጥራችን አንድ ነው። ሁለታችንም በሙሽርነት ነው እዚህ ሰፈር የገባነው፣ እሷ ከሰንበቴ፣ እኔ ከጨፋ ሮቢት። ጨው ሲያልቅብኝ ከሷ፣ እሳት ሲጠፋባት ከኔ። የመጀመሪያ ልጄን ሳሚያን የወለድኩ ጊዜ ወባ ይዞኝ ራሴን ስቼ ተኛሁ። ዘሊካ የራሷን ልጅ ባንድ ጡቷ፣ ሳሚያን ባንዱ ይዛ አሳደረቻት። እስክድን ድረስ ልጄን ያኖረቻት እሷ ናት። በኛ ዲን ደግሞ ያጠባች እናት ናት። ከሷ ጡት የጠቡ ሁሉ ወንድምና እህት ናቸው፣ አይጋቡም። ስለዚህ ሳሚያ ለዘሊካም ልጇ ናት። «አዴ» እያለች ነው ያደገች፣ እናቴ እንደማለት።

ሌላም ነገር ነበረን። የሰፈራችንን ሴት ጀናዛ የምናጥበው እኔና እሷ ነን። ሴት ስትሞት ቅሬው፣ እናንተ እድር የምትሉት፣ መጀመሪያ የሚልከው ወደኛ ነው። አንዷ ውሃ ታፈሳለች፣ አንዷ ታጥባለች። ይኼ ሥራ እጅ ብቻ አይደለም የሚፈልገው። የሞተች ሴት ገላ ላይ ብዙ ነገር ይታያል፣ በሕይወት እያለች ለእናቷ እንኳን ያላሳየችው። ያየሽውን ከሷ ጋር ትቀብሪዋለሽ። ያየችውን የምታወራ ሴት አጣቢ አትሆንም። ዘሊካ አንድ ቀን እንኳን አውርታ አታውቅም። እኔም የሷን ምላስ እንደራሴ ምላስ ነበር የማምነው።

ሳሚያ ደረሰችና ከማል አስጠየቃት። ከማል የሰንበቴ ልጅ ነው፣ እህል ከጨፋ እየሰበሰበ ከሚሴ ያወርዳል። ሰላቱን የማያሳልፍ፣ ድምፁ የማይሰማ ልጅ። እናቱ በሕፃንነቱ ሞታለች፣ ያሳደገችው አያቱም አልፋለች። ሳሚያ ወዳዋለች። አላለችም፣ ግን እናት ነኝ። የከማል ስም ሲነሳ ውሃ ልቅዳ ብላ ብድግ ትል ነበር፣ እንስራው ሞልቶ ተቀምጦ። ሽማግሌ መጣ፣ ባሌ አብዶ እሺ አለ፣ የኒካው ቀን ተቆረጠ።

ኒካው ሊታሰር ጥቂት ሲቀረው ዘሊካ ሼህ ሙህዲን ዘንድ ሄደች። ማንም አልጠራት።

«ከማልንም አጥብቼዋለሁ» አለች። «በኩሬን ወልጄ ሰንበቴ እናቴ ቤት ስታረስ፣ እናቱ ታማ ነበር። እስኪጠግብ ነው ያጠባሁት፣ አንድ ቀንም አይደለም። ያ ሕፃን እሱ መሆኑን አሁን ነው ያወቅሁት። አላህን ፈርቼ መጣሁ።»

ሼሁ ሰምተው ሸኟት። ከዚያ አብዶን ጠሩት። «ያንዲት ሴት ቃል በሕጉ ላይበቃ ይችላል። ግን ጥርጥር ገብቶበታል። የሚያጠራጥርህን ተው ተብለናል» አሉት። አብዶ ሌላ መስማት አልፈለገም። «ልጄን ለወንድሟ አልሰጥም» አለ፣ አለቀ።

እኔ ዘሊካን ምን አልኳት መሰለሽ? አመሰገንኳት። አንገቷን አቅፌ አለቀስኩ፣ «ከሐራም አወጣሽን» አልኳት። እሷም አብራኝ አለቀሰች።

ዓመት ሳይሞላ ከማል መሊካን አገባ። መሊካ የዘሊካ የወንድሟ ልጅ ናት። እናትም አባትም የላት፣ ዘሊካ ናት ያሳደገቻት። ከዘሊካ ጡት ስላልጠባች ኒካው አይከለከልም፣ ሼሁ አይተውታል። የሰርጉን ወጥ የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀደር ነው አልኩ፣ አላህ የጻፈው። ከሴቶቹ አንዷ ጆሮዬ ላይ «ይቺ ዘሊካ ቀድማ አስባበት እንዳይሆን» ስትለኝ ተቆጣኋት። «አስተግፊሩላህ በይ፣ ሰው አትጠርጥሪ» አልኳት።

ሳሚያን አብዶ ለአንድ ከብት ነጋዴ ዳራት፣ በዕድሜ የሚበልጣት፣ ሌላ ሚስት ያለችው። አልሰነበተችም፣ ተፈታ መጣች። ከዚያማ እንደ ሀገሩ ልጅ ሁሉ ጅዳ ሄደች፣ የሰው ቤት ልታጥብ፣ የሰው ልጅ ልታሳድግ። አብዶ ሲሞት አልነበረችም። በስልክ ነው ያለቀሰችው፣ እሱንም እመቤቲቱ እንዳትሰማት ሽንት ቤት ገብታ።

በ2004 ዘሊካ ሐጅ ደረሳት። ሴቶች አስከትላ አፉ ልታስብል ቤቴ መጣች። እጄን ያዘችኝ።

«አፉ በይኝ፣ ቶይባ።»

«አፉ ብያለሁ።»

«ከልብሽ በይኝ።»

«ከልቤ ነዋ! ምን ሆነሻል፣ እኔና አንቺ መቼ ተቀያይመን እናውቃለን?»

«ለዱንያም ለአኺራም በይኝ።»

«ለዱንያም ለአኺራም» አልኳት፣ ለዚህም ዓለም ለወዲያኛውም።

እጄን አልለቅም አለች። ዓዲላ፣ ቀልደኛዋ ጎረቤታችን፣ «ኧረ ልቀቂያት! ካዕባ ሳትደርሺ ቶይባን ልትዞሪያት ነው እንዴ!» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዘሊካ አልሳቀችም።

ሴቶቹ ወጡ፣ እሷ ቀረች። እኔ ለሳሚያ የምትወስድልኝን በርበሬና በሶ እቋጥራለሁ።

«ለምን እንደሆነ አልጠየቅሽኝም» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አፉውን።»

«ምን እጠይቃለሁ፣ ያው ሰው ነን፣ ሳናውቅ ያጠፋነው ይኖራል።»

«ከማልን አላጠባሁትም።»

ቋጠሮው እጄ ላይ ቀረ። «ማል ታቴ?» አልኳት። ምን ሆነሽ ማለቴ ነው። ስደነግጥ ኦሮምኛው ነው የሚቀድመኝ።

«አላጠባሁትም። እናቱን በዓይኔም አይቻት አላውቅ። መሊካ ዕድሜዋ እየሄደ ነበር። አባት የላት፣ የሚጠይቃት የለ። ላንቺ ልጅ ሌላ ይመጣላታል ብዬ... ሸይጧን ነው፣ ቶይባ።»

«ሸይጧን ሼህ ሙህዲን ቤት አልሄደም። አንቺ ነሽ የሄድሽው፣ በእግርሽ።»

«አፉ ብለሽኛል።»

«ሳላውቅ!»

«ብነግርሽማ አትይኝም ነበር።»

ወላሂ እህቴ፣ ከሁሉም ይኼ ነው የገደለኝ። እንደማልላት አውቃ፣ ልማዳችንን አውቃ፣ ሴቶቹን ምስክር አድርጋ ቀድማ አስባለችኝ። መጀመሪያ የልጄን ትዳር ወሰደች፣ ቀጥላ ቃሌን። በዚያ ላይ ሳሚያ የራሷ ጡት ልጅ ናት። የሰው ልጅ አይደለችም የጎዳቻት።

«ውጪልኝ» አልኳት። ተነሳች። በሩ ላይ ቆመችና «የሳሚያን እቃ ስጪኝ» አለች። ምን ላርግ? ልጄ ከስንት ዓመት በኋላ የሀገሯን በርበሬ ልትቀምስ ነው። ሰጠኋት።

«አግኝተሻት በአፍሽ ትነግሪያታለሽ» አልኳት። «እዚያው፣ በተቀደሰው ምድር። ያኔ የኔን ቃል እናያለን።»

«ኢንሻአላህ» አለች።

በነጋታው ሼህ ሙህዲን ዘንድ ሄድኩ። ስም አልጠራሁም። «አንዲት ሴት ሳታውቅ አፉ ብትል፣ በኋላ ነገሩን ብታውቅ፣ ያ አፉ ይያዛል?» አልኳቸው። እሳቸውም ስም አልጠየቁኝም።

«ሳታውቂ ያልሽው ላይዝሽ ይችላል፣ ልጄ» አሉኝ። «ዑለማዎች ተለያይተውበታል። እኔ ግን እሱን አይደለም የምጠይቅሽ። አሁን አውቀሻል። አውቀሽስ ምን ትያለሽ?»

ተነስቼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላት ላይ ስቆም እንኳን ይኼው ነው የሚመጣብኝ። አፉ ብዬ ከሆነና ቂም ከያዝኩ ቃሌን በልቻለሁ። አላልኩም ካልኩ ደግሞ ለዱንያም ለአኺራም ያልኩት በስንት ሰው ፊት ነው።

ለሰው እንዳልናገር፣ ከማልና መሊካ ልጆች ወልደዋል። እነሱ ምን አጠፉ? መሊካ ይኼን ብትሰማ በምን ፊቷ ከባሏ ጋር ትቀመጣለች? ዋጥኩት። የዋጥኩት ግን እኔን መልሶ በላኝ። ዘሊካ ሐጃ ተብላ፣ ነጭ ለብሳ ተመለሰች። ሀገሩ ሁሉ ከመካ ያመጣችውን የዘምዘም ውሃ ሊቀምስ ሲጎርፍ እኔ ብቻ ቀረሁ። «ቶይባ ቀናችባት» ተባለ። «ሐጃን እንዲህ ማኩረፍ ምን የሚሉት ኢማን ነው?» ተባለ። ክፉዋ የተባልኩት እኔ ነኝ። አላህ ያውቃል አልኩ።

ጀናዛም አብሬያት አላጥብም አልኩ። የቅሬው ሽማግሌዎች መጡ፣ ለመኑኝ፣ ምክንያቱን ጠየቁኝ። «ጉልበቴን አሞኛል» አልኳቸው። እውነትም ያመኛል፣ ግን እሱ አልነበረም። በኔ ቦታ አንዲት ወጣት ተተካች። የመጀመሪያዋን ሟች አጥባ በወጣች ሳምንት፣ ሟቿ ሆዷ ላይ ምን እንዳለባት ገበያው ሁሉ አወቀው። የሟቿ ልጆች አንገት ደፉ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ አሮጊት ሁሉ መሞት ፈራ።

ዓዲላ የታመመች ጊዜ፣ ያቺ ቀልደኛዋ፣ ሁለታችንንም አስጠራችን። እኔ በአንድ ወገን፣ ዘሊካ በአንድ ወገን ተቀመጥን፣ አንተያይም።

«እናንተ ሁለት አኩራፊዎች» አለችን፣ እስትንፋሷ እየተቆራረጠ። «ያቺ ወሬኛ እንዳትነካኝ። እናንተ ናችሁ የምታጥቡኝ። ከፈለጋችሁ ስታጥቡኝ ተሰዳደቡ፣ እኔ እንደሆነ አልሰማችሁም።»

እሷ ሳቀች። እኛ አለቀስን። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ስትሞት ገባን። የተወቀጠ የቁርቁራ ቅጠል፣ ካፉር የሚሉት የጀናዛ ሽቶ፣ ውሃ። ዘሊካ ታፈሳለች፣ እኔ አጥባለሁ። እጃችን አልረሳም፣ ሳንነጋገር ነው የሚግባባ። ጀርባዋን ልናጥብ ስናዞራት ቆምን። ጠባሳ ነው፣ እህቴ። የድሮ፣ ባንዱ ላይ አንዱ የተደራረበ። ያቺ ሰፈሩን ስታስቅ የኖረች ሴት። ከዚህ በላይ አልነግርሽም። እሷም ሞታለች፣ ያደረገውም ከሷ በፊት ሞቷል፣ ስሟንም እዚህ የቀየርኩት ለዚህ ነው። ዘሊካ አንዴ አየችኝ። ጨርቁን ሳብ አድርጋ ሸፈነቻትና ከጨርቁ ሥር ውሃውን ቀስ አድርጋ አፈሰሰች፣ የሚያማት ይመስል።

ከፍነን ስናበቃ ጓሮ ወጥተን እጃችንን ታጠብን። ያኔ ስለ ሳሚያ ጠየቅኋት።

«ነገርሻት?»

ውሃውን ደግማ እጇ ላይ አፈሰሰች።

«አላገኘሻትም?»

«አገኘኋት። አሠሪዎቿ ፈቅደውላት ከጅዳ መካ መጣች። አዴ ብላ እጄን ሳመችኝ። ከስታለች፣ ቶይባ። ካዕባን ስንዞር ሰው እንዳይጥለኝ ከኋላዬ በሁለት እጇ አጥር ሆና ነው የዞረችው። ምን ብዬ ልንገራት? አፌ አልከፈት አለ።»

«ውሸት ሲሆን ተከፍቶ ነበር።»

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

«ደግመሽ ሰረቅሻት። ያን እጅ መሳም ሰርቀሽ ነው የመጣሽ።»

 ይኼን ጊዜ ሸይጧንን አልጠራችም። እኔም ተናድጄ የምለው አልጠፋኝም ነበር፣ ግን የዓዲላ ቃሬዛ ሊወጣ ነው።

«ስሚኝ» አልኳት። «ሳሚያ የመጣች ቀን ቤቴ መጥተሽ ትነግሪያታለሽ። እኔ አልጠራሽም፣ አላስታውስሽም። እስከዚያ ጀናዛ አብሬሽ አጥባለሁ። ለሟቾቹ ነው፣ ላንቺ አይደለም። ከዚያ ውጪ ደጄን አትርገጪ።»

«እሺ» አለች።

ከዚያ በኋላ ጆሮዬን ተክዬ ጠበቅሁ። ገበያ ስወርድ፣ ለቅሶ ስቀመጥ፣ የዓዲላን ጀርባ የሚያወራ እሰማ ይሆን ብዬ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንድሰማም የፈለግሁበት ጊዜ ነበር። ያኔ መጥላቱ ይቀለኝ ነበር። አልሰማሁም። የዘሊካ ምላስ ለሞተ ሰው የታመነ ነው። የዋሸው በቁም ላለነው ነው።

በ2006 ሳዑዲ ሕዝቡን ስትመልስ ሳሚያም ተመለሰች። አንዲት ሻንጣ፣ ጫማዋ እንኳን የሷ አይደለም። የሄደችው ልጅ ሌላ፣ የመጣችው ሌላ። ስትበላ ቆማ ነው የምትበላው። «ተቀመጪ እንጂ» ስላት ትደነግጣለች።

ዘሊካ መጣች። አልጠራኋትም። ገና የመንገዱ አቧራ ከሳሚያ ፊት ሳይወርድ፣ ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ፣ ብቻዋን መጣች። ሳሚያ ልትስማት ስትነሳ «አትሳሚኝ፣ መጀመሪያ ስሚኝ» አለቻት። መሬት ተቀመጠች፣ ነገረቻት። ሼሁ ዘንድ መሄዷን፣ ውሸቷን፣ መሊካን፣ እኔን ሳላውቅ አፉ ማስባሏን፣ መካ ላይ መደበቋን። ምንም አላስቀረች። እኔ እየሰማሁ ነበር፣ አንድ ቃል አላሳመረችም።

ሳሚያ ልጅ ሆና እንደምታደርገው የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች።

«ከማል ያውቃል?» አለች።

«አያውቅም። ንገሪው ካልሽኝ አሁን ተነስቼ ሄጄ እነግረዋለሁ።»

«ልጅ አላቸው?»

«አላቸው። ትልቋ ትምህርት ቤት ገብታለች።»

ሳሚያ የነጠላዋን ጫፍ ለቀቀችው። «ተይው» አለች።

«አፉ በይኝ፣ ልጄ።»

«ጡትሽን መጥባቴስ እውነት ነው?»

«እሱ እውነት ነው። እናትሽ ታውቃለች።»

«እንግዲያ አዴ ነው የምልሽ፣ ስሙ ያንቺ ነው። አፉ ግን አልልሽም። እማዬ ሳትጠይቅ ብላሻለች። እኔ ሰምቻለሁ፣ ሰምቼ አልልሽም።»

ዘሊካ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ትለምናለች፣ ሐጃ ነኝ ትላለች፣ ሼህ ታስመጣለች ብዬ ጠበቅሁ። «ሐቅሽ ነው» አለች ብቻ። ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና ወጣች። እኔ እስከ በሩ ተከተልኳት። ለምን እንደተከተልኳት አላውቅም።

«የኔን አፉ አሁን አውቄ አልኩሽ» አልኳት። «የኔን ብቻ። የሷ የሷ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። አልተሳሳምንም።

እንደ ድሮው ሆንሽ ወይ ብትይኝ፣ አልሆንኩም። አፉ ካልኩ በኋላ ሆዴ የሚቀልለኝ መስሎኝ ነበር። አንዳንድ ቀን መሊካ ልጆቿን ይዛ በደጄ ስታልፍ ጎኔን ይወጋኛል። የወለደችው ምን አጠፋ፣ እላለሁ፣ ግን ይወጋኛል። ከዘሊካ ጋር ስለ ልጅ፣ ስለ ገበያ አላወራም። ጀናዛ ሲኖር እንገናኛለን፣ የተባለውን ሰዓት ትጠብቃለች፣ አድርጊ ያልኳትን ታደርጋለች፣ የማታውቀውን አላውቅም ትላለች። በፊት አላውቅም ብላ አታውቅም ነበር።

አሁን ጉልበቴ የእውነት ከዳኝ፣ ማጎንበስ አልቻልኩም። ሽማግሌዎቹ ሰው ሲፈልጉ ሳሚያ «እኔ እገባለሁ» አለች። ደነገጥኩ። «ከሷ ጋር?» አልኳት። «ሌላ የሚችል አለ?» አለችኝ። ስለዚህ አሁን የሚያጥቡት ሁለቱ ናቸው። እኔ በር ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ዘሊካ ታሳያታለች፣ ሳሚያ ታጥባለች። «ውሃ» ትላለች ሳሚያ። «አዙሪ።» «ካፉሩን።» ከሥራው ቃል ሌላ አንድም አይወጣትም። ዘሊካም አትጨምርም። ሲወጡ ሳሚያ ቀድማ ትሄዳለች፣ ዘሊካ ከኋላ ቀስ እያለች ትከተላለች፣ እሷም አርጅታለች። ባለፈው ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነበር። ሳሚያ ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችላት። አሻገረቻትና ለቀቀቻት። ይኼው ነው ያየሁት። አልጨምርበትም።

እኔ ብሞት የሚያጥቡኝ እነሱ ናቸው። ለልጆቼ ተናግሬያለሁ፣ ሌላ እንዳይነካኝ።

አንቺ ግን ይኼን ካነበብሽ አንድ ነገር ልለምንሽ። ሳሚያ አፉ እንድትል ዱዓ አድርጊ አልልሽም፣ እሱ የሷ ሐቅ ነው። ተቀምጣ እንድትበላ ብቻ ዱዓ አድርጊላት።